ሎሚ ውስጥ ያደረው የባሕር ጃርት

ሎሚ ሲጨመቅ በሸተተኝ ቁጥር እበሳጫለሁ። ሰው ሻይ ጋብዞኝ ሎሚ ቆርጦ ቢያቀርብልኝ እንኳ ፊቴ ይለወጣል፤ ጋባዡም ምን አጠፋሁ ብሎ ይሳቀቃል። ምክንያቱን ለመናገር የአንድ ድንጋይ ታሪክ ከሥሩ ማንሳት ሊኖርብኝ ነው፤ የድንጋዩን ታሪክ ባነሳሁ ቁጥር ደግሞ ሰው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። የባለቤቴ የአስካለ ዓይን ባይኖርበት ኖሮ ለመጻፍም አልነሳም ነበር። ነገሩ ሲጀመር የድንጋይ ነበር። ሲጨረስ ግን አስካለ ታያለች ወይስ አታይም የሚለው ሆኖ አረፈው።

ዘመኑን በቁጥር አልናገርም፤ ሻይ በአሥር ሳንቲም የሚጠጣበት ነው ካልኩ ይበቃል። የከተማ አውቶቡስ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፣ ያቺንም ለማዳን ከስድስት ኪሎ እስከ ፒያሳ በእግራችን እንወርዳለን። ሱሪያችን ከጉልበት በታች እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል፣ የጫማችን ተረከዝ ከሴቶቹ ይበልጣል፣ ፀጉራችንን ነፋ አድርገን የአውቶቡሱ ጣሪያ እስኪያስቸግረን እናሳድገዋለን። ፒያሳ ላይ የሸክላ ሙዚቃ ቤቶቹ ድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው ይፎካከራሉ፤ ከወዲህ ሳክስፎን፣ ከወዲያ ክራር፣ መሐል ላይ የቆመ ሰው ሁለቱንም አይሰማም። እኔ የመሬት ሳይንስ ተማሪ ነበርኩ። በዚያ ጊዜ ወላጅ የሚኮራው ሐኪም ወይም ሕግ አዋቂ በሚሆን ልጅ እንጂ ድንጋይ በሚያገላብጥ ልጅ አይደለም። አባቴ ሰው ሲጠይቀው «ኮሌጅ ገብቷል» ብሎ ያልፋል፤ ምን እንደምማር አንድም ቀን ጨርሶ ተናግሮ አያውቅም።

ለመስክ ትምህርት ወደ ዓባይ ሸለቆ ወሰዱን። ከደጋው ጃኬት ደራርበን ተነስተን ታች ስንደርስ ሸሚዙም ይበዛብናል። መንገዱ ሲጠማዘዝ ከጎን በኩል ንብርብሩ ይታያል፤ ከላይ ጥቁሩ፣ ከሥሩ ቢጫና ግራጫ የኖራ ድንጋይ። ያ ኖራ ድንጋይ የባሕር ወለል ነበር። ተራሮቹ ሳይኖሩ፣ ሰው የሚባል ሳይኖር፣ ከመቶ ሚሊዮን ዓመት በፊትና ከዚያም ቀደም ብሎ ባሕር እዚያ ድረስ መጥቶ ነበር። ይኼን እስከ ዛሬ ለስንቱ ነግሬ ስንቱ ሳቀብኝ። ጓደኞቼ ወንዝ ዳር ሲንቦራጨቁ እኔ ቁልቁለቱ ላይ ተንበርክኬ ሳለሁ አፈሩ ውስጥ ግማሽ ሎሚ የሚያህል ነገር አየሁ። ከላይ ጉብ ያለ፣ ከሥር ጠፍጣፋ፣ ልክ አንድ ሰው ቆርጦ ጨምቆ የጣለው ይመስላል። አንስቼ በምራቄ ሳብሰው ኮከብ ወጣ።

ከዚህ በኋላ ያለውን ማንም ታግሶ አይሰማኝም፤ አንባቢ ግን መልስ ስለማይሰጠኝ ልጠቀምበት። ያ ነገር የባሕር ጃርት ነው። የባሕር ጃርት፣ የባሕር ኮከብ፣ በግንድ ላይ የሚቆመው የባሕር አበባ (አበባ ተባለ እንጂ እንስሳ ነው) ሁሉም አንድ ወገን ናቸው፤ ቆዳቸው እሾሃም ስለሆነ ሳይንሱ በዚያው ሰይሟቸዋል። ሁላችን ግራና ቀኝ ሆነን ስንፈጠር እነሱ በአምስት ተከፈሉ። ራስ የላቸውም፣ ፊትና ኋላ የላቸውም። ድንጋይ ሆኖ የሚቀረውም ነገር እንደ ቀንድ አውጣ የውጭ ቤት አይደለም፤ ከቆዳ ሥር ያለ አጥንት ነው፣ ከጥቃቅን ጡቦች የተገነባ፣ እያንዳንዷ ጡብ ደግሞ አንድ ወጥ ክሪስታል። ጡቦቹ ላይ ጉጦች አሉ፤ በሕይወት ሳለ እያንዳንዱ ጉጥ ላይ አንድ እሾህ እንደ ትከሻ መገጣጠሚያ ይዞርበት ነበር። ኮከቡን የሚሠሩት አምስቱ መስመሮች ጥንድ ጥንድ ቀዳዳዎች ናቸው፤ በእነዚያ ቀዳዳዎች የቱቦ እግሮቹ ይወጣሉ፣ እግሮቹ የሚንቀሳቀሱትም በውኃ ግፊት ነው፣ ውኃውም የሚገባው አናቱ ላይ ባለች አንዲት ወንፊት ጡብ በኩል ነው። አፉ ከሥር ነው፣ ውስጡ ባለ አምስት ጥርስ መንጋጋ አለው፣ መንጋጋው ፋኖስ ስለሚመስል ፋኖስ ይሉታል። አናቱ ላይ፣ አምስቱ መስመሮች የሚያልቁበት፣ የዓይን ጡብ የሚባሉ አምስት ትንንሽ ጡቦች አሉ። ዓይን ግን የላቸውም።

አስካለ ያኔ የጽሕፈት ሥራ ትማር ነበር። ቀሚሷ ከጉልበቷ ከፍ ያለ፣ ቦርሳዋ ከቀሚሷ ጋር የሚሄድ፣ ስትራመድ ተረከዟ ራሱ ታይፕ የሚመታ የሚመስል ልጅ ነበረች። ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ጋበዝኳት፤ ኬክ ሃያ አምስት ሳንቲም ነበር፣ ለእሷ አዘዝኩ፣ ለራሴ ሆዴ ሞልቷል አልኩ። የምናገረው ሲጠፋኝ ድንጋዩን ከኪሴ አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና ከላይ የጻፍኩትን ሁሉ ነገርኳት። አንድም ሳላስቀር።

«አፉ ከሥር ነው አልክ» አለች።

«አዎ።»

«መውጫውስ?»

«ከላይ፣ አናቱ ላይ።»

ኬኳን ወደ ጎን ገፋችው። «ዓይን ሳይኖረው የዓይን ጡብ የሚባለው ለምንድን ነው?»

«የጥንት ሰዎች ዓይን መስሏቸው ነው።»

«እንግዲያው ያላየው ጃርቱ ሳይሆን ስሙን ያወጣለት ሰውዬ ነው» ብላ ድንጋዩን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ስጠኝ አላለችም። ሰው ጣት ላይ ቀለበት ያስራል፤ የእኛ እጮኝነት በዚህ ሁኔታ ተጀመረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ዛሬ ስለዚያ ድንጋይ አፌን በከፈትኩ ቁጥር «በቃህ፣ ሰምተናል» ትለኛለች።

ከዚያ አገሩ ተረበሸ። እንዴት እንደወጣን ሌላ ቀን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ የማስታውሰው በናይሮቢ በኩል ወደ ኡጋንዳ ስንመጣ ድንበር ላይ ፈታሹ የአስካለን ቦርሳ ገልብጦ ድንጋዩን ማንሳቱን ነው። ማዕድን ነው አለ። አይደለም፣ እንስሳ ነው አልኩት። እንስሳ ያለ ፈቃድ አይገባም አለ። የሞተ ነው ስለው ለአለቃው ሊናገር ሄደ። አስካለ በዝግታ «መጫኛ ነው፣ ወረቀት እንዳይበር» ብላው አለፍን፤ በእንግሊዝኛ የተናገረችው የመጀመሪያዋ ውሸት ያቺ ናት፣ ካምፓላ ስንገባ ደግሞ እውነት አደረገቻት። እኔ ሜንጎ አንድ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ ማስተማር ጀመርኩ፣ እሷ ዋንዴገያ ላይ አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራይታ የጽሕፈት መኪናዋን ተከለች።

የያኔው ዋንዴገያ! አሁን እግሬ ሲጥለኝ የማየው ስልክ የሚጠግን፣ ስልክ የሚሸፍን፣ ስልክ የሚሸጥ ነው፤ ሙዚቃውም ከስልክ ነው፣ ሰዉም ከስልኩ ጋር ነው የሚያወራው። ያኔ መንገዱ ሁሉ በጽሕፈት መኪና ይንጣጣ ነበር። ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ስለሆነ ተማሪው የመመረቂያ ጽሑፉን ይዞ ይሰለፋል፤ ከፊት ለፊት አንዱ በሰፊ ምጣድ ቻፓቲውን በእንቁላል ጠቅልሎ ሮሌክስ ይሸጣል፣ ተማሪው በአንድ እጁ ሮሌክስ በሌላ እጁ ጽሑፉን ይዞ ይገባል፣ ወረቀቱ ላይ ዘይት አለ፣ አስካለ ትቆጣለች። ስለ ዓይኗ ልናገር። ከበሩ የሚገባ ተማሪ ወረቀቱን ገና ሳያስቀምጥ «እዚያች ጋ ሁለት ቦታ ዘለሃል» ትለው ነበር። ሆሄ የዘለለ፣ ነጠላ ሰረዝ የረሳ፣ መስመሩ በፀጉር ያህል የተንጋደደ አያመልጣትም። ፕሮፌሰሮቹ ሳይቀሩ «ያቺ ኢትዮጵያዊት አይታዋለች?» ብለው ይጠይቁ እንደነበር ተማሪዎቹ ነግረውኛል። ከመንገዱ የሚገባው ነፋስ ወረቀቶቿን እንዳይበትን የሚያደርገው የእኔ የባሕር ጃርት ነበር።

ያንን ድንጋይ ያየ ሰው ሁሉ አስተያየት አለው፤ የሚያንገበግበኝም ይኼ ነው። አንዱ የአገራችን ሰው ተንበርክኮ ሊስመው ሲል ያዝኩት፤ የሰሎሞን ኮከብ ነው ብሎ። የሰሎሞን ባለ ስድስት ነው፣ ይኼ ባለ አምስት ነው፣ ቁጠረው አልኩት። ቆጠረና አንዱ ተሰብሮ ነው አለኝ። አንድ ፓስተር ጎረቤታችን ጣዖት ነው፣ ከቤት ይውጣ ብሎ ጸለየበት። የእኔው ተማሪዎች ሳይቀሩ፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ አስተምሬያቸው ስጨርስ፣ «ሰር፣ ማን ነው የቀረጸው?» አሉኝ። እዚህ ማኪንድዬ ከቤታችን ዝቅ ብላ በርበሬና ሽሮ የምትሸጠው የወሎዋ ዘይነባ ደግሞ አንድ ቀን አገላብጣ አየችና «ይኼማ የሰው ዓይን የሚከለክል ነው፣ ጋሼ። እናቴ እንዲህ ያለ ነበራት፣ በር ላይ ታኖረው ነበር» አለችኝ። ዓይን ስለሌለው እንስሳ ነው የምታወራው።

አስካለ የጽሕፈት ቤቷን ከዘጋች ቆይታለች፤ ኮምፒዩተር መጥቶ አባረራት። ድንጋዩም ከእሷ ጋር ጡረታ ወጥቶ የወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ከሎሚዎቹ ጎን ተቀመጠ። አልፎ አልፎ ነጭ ሽንኩርት ትደቁስበታለች። ያ ሁሉ ዘመን ከባሕር ወለል ተነስቶ፣ የዓባይን ገደል አልፎ፣ ነጭ ሽንኩርት ሊደቁስ! ስናገራት «ሥራ ስጠው፣ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ይደብረዋል» ትለኛለች።

ካለፈው ዓመት ወዲህ ዓይኗ እየደከመ መሆኑን አውቄ ነበር። መነጽር ብትቀይር የሚስተካከል ነገር መሰለኝ። ሻዩን ከስኒው ውጪ ትቀዳና ስኒው ነው የተንቀሳቀሰው ትላለች። ጋዜጣ ማንበብ ተወች፤ ዜናው አስጠላኝ አለች። ማታ መብራት ሁሉ ደካማ ነው ትላለች፣ የካምፓላ መብራት ድሮም አይረባም። «ዓይን ሐኪም ዘንድ እንሂድ» እላለሁ፣ «ነገ» ትላለች። አፖይንትመንት እይዛለሁ፣ በቀኑ ወገቧን ያማታል። እኔም እጮሃለሁ። ግትርነት መሰለኝ፤ ግትር መሆኗን ደግሞ ከኬክ ቤቱ ጀምሮ አውቃለሁ።

የእንቁጣጣሽ ዋዜማ ጠዋት ነው፤ ወተት ላወጣ ፍሪጁን ከፈትኩ። ዶሮው ከማታ ጀምሮ በየብልቱ ተገነጣጥሎ፣ ታጥቦ፣ ሎሚና ጨው በሞላበት ሳህን ተዘፍዝፎ አድሯል። እንደ ደንቡ የተጨመቁት የሎሚ ልጣጮች እላዩ ላይ ተጥለዋል። ከልጣጮቹ አንዱ ልጣጭ አይመስልም። አነሳሁት። ጉብ ያለው ጎኑ ወደ ታች፣ ጠፍጣፋው ወደ ላይ ሆኖ፣ ሌሊቱን ሙሉ በሎሚ ሲበላ አድሯል። ደቃቅ አረፋ አሁንም ከሥሩ እየወጣ ነበር። ኖራ ድንጋይና ሎሚ ሲገናኙ የሚሆነውን ይኼን አረፋ ስንት ትውልድ ተማሪ ፊት አሳይቻለሁ፣ ለማሳያ ግን ተራ ጠጠር ነበር የምጠቀመው። አገላበጥኩት። ኮከቡ የለም። ጥንድ ቀዳዳዎቹ የሉም፣ ጉጦቹ የሉም፣ ወንፊቷ የለችም። አናቱ ላይ የነበሩት የዓይን ጡቦች ሙልጭ ብለዋል። እንደተላጠ ድንች ነጭና ለስላሳ ሆኗል።

እንዴት እንደጮህኩ ጎረቤት ይመስክር። አስካለ ከመኝታ ቤት በግድግዳው ተደግፋ መጣች።

«ማነው ይኼን ሎሚ ውስጥ የጨመረው?»

በሩ ላይ ቆመች። ከዚያ «ምኑን?» አለች።

«ድንጋዩን! ጃርቱን! ከዶሮው ጋር ዘፍዝፈሽዋል!»

እጇን ዘረጋች፤ እጄ ላይ አላገኘችውም፣ እኔም ከንዴቴ የተነሳ ልብ አላልኩትም። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች። «ሆን ብዬ ነው። ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ሲሸተኝ ላጸዳው ብዬ።»

ሆን ብላ! የእኔ ሚስት! አሲድ ኖራን እንደሚበላ ዕድሜ ልኳን ስትሰማ የኖረች ሴት! የተናገርኩትን ሁሉ አልደግመውም። ከሸለቆው ጀምሬ እስከ ድንበሩ ፈታሽ ድረስ ዘረዘርኩላት። በሌላ ቀን ቢሆን በመሐል «በቃህ» ትለኝ ነበር። ድንጋዩን ኪሴ ውስጥ ከትቼ በሩን ዘግቼ ወጣሁ። የምሄድበት ስለሌለኝ ቁልቁል ወደ ዘይነባ ሱቅ ሄድኩ። በቅርቡ የዘነበው ዝናብ መንገዱን ቦርቡሮታል፣ ሰው በሞተር የሚያመላልስ አንድ የቦዳ ልጅ ሽማግሌ መሆኔን አይቶ «ሙዜ፣ እንሂድ?» አለኝ፣ እሱንም ተቆጣሁት።

ዘይነባ ሽሮ በላስቲክ እየከፈለች ነበር። ድንጋዩን አውጥቼ ባንኮኒው ላይ አስቀመጥኩላትና ነገርኳት።

«ሆን ብዬ ነው አሉ?» አለች።

«ላጸዳው ብዬ ነው አለችኝ። ይኼ አሁን የሚታመን ነገር ነው?»

«አይታመንም» አለች ዘይነባ። ላስቲኩን አስራ እጇን አራገፈች። «ጋሼ አሥራት፣ እትዬ አስካለ ባለፈው ወር እዚህ መጥተው ለዚያ ቀሚስ ሰላምታ ሰጥተውታል።»

በሩ ጎን አንድ አረንጓዴ የሴት ቀሚስ በመስቀያ ተንጠልጥሏል።

«እንዴት ያለ ሰላምታ?»

«‹ዘይነባ፣ እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹስ?› ብለው። እኔ ከኋላ ሆኜ መለስኩላቸው። ወላሂ እንዳያፍሩ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ሎሚውንም እየዳሰሱ ነው የሚመርጡት። ክብና ቀዝቃዛ ከሆነ ለእሳቸው ሎሚ ነው፣ ጋሼ።»

«ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

«ለእርስዎ?» አለች። ድንጋዩን በሁለት እጇ አንስታ መለሰችልኝ።

ዳገቱን ስመለስ ንዴቴ ከእኔ ጋር አልወጣም፤ የት እንደቀረ አላውቅም። በቦታው ፍርሃት መጣ። ከስኒው ውጪ የተቀዳው ሻይ፣ በግድግዳው ተደግፋ መምጣቷ፣ የዘረጋችው እጅ። ያቺ የተዘለለ ሆሄ ከበር ላይ የምታይ ሴት ግማሽ ሎሚና የሕይወቷን ድንጋይ መለየት አቅቷታል፤ አቅቷት ሳለ ደግሞ አላየሁትም ከማለት ሆን ብዬ ነው ማለት ቀሏታል።

በሩን በዝግታ ከፈትኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ቆማ የዶሮውን ብልቶች አንድ በአንድ እያወጣች ታጥባለች። አታያቸውም። በአውራ ጣቷ መገጣጠሚያውን ትዳስሳለች፣ ስሙን ለራሷ ትጠራለች፣ ወደ ንጹሑ ሳህን ታስገባለች። ፈረሰኛ። መላላጫ። ፊት ለፊት ባለው በር ላይ እኔ ቆሜያለሁ፣ ቢጫ ሹራቤን እንደለበስኩ። ቀና ብላ በቀጥታ አየችኝ።

«ዘይነባ» አለች፣ «ኮረሪማውን አመጣሽልኝ?»

አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ ገባሁ። «እኔ ነኝ» አልኳት። «አሥራት ነኝ።»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ። ቧንቧው ይንጠባጠባል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ከጎን ከጎን ነው የጀመረው። እንደ መጋረጃ። አሁን መሐሉ ብቻ ነው የቀረኝ፣ እሱም ጭጋግ ነው።»

«ለምን አልነገርሽኝም፣ አስካለ?»

«እናቴ ዓይኗ ሲጠፋ» አለች፣ «ቤቱ ሁሉ ለእሷ መጮህ ጀመረ። ጆሮዋ ደህና ነበር እኮ። ሰው ሁሉ ግን ጮክ ብሎ ያናግራታል፣ ልጆቹ፣ ጎረቤቱ። ግድግዳ ጥግ አስቀምጠው ጮሁባት። አንተ ደግሞ ሳይጠፋም ትጮሃለህ።»

ይኼን ስትል አልተቆጣችም።

«ድንጋዩን አምጣው» አለች እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። ሰጠኋት። ጉብ ያለውን ጎን በጣቶቿ ሁሉ ዳሰሰችው፣ ደጋግማ፣ ወረቀት ላይ ስህተት እንደምትፈልግ። ለስላሳ ነው። ገለበጠችው። ጠፍጣፋው ጎን ከሎሚው በላይ ስለነበር አልተነካም። አውራ ጣቷ መሐሉ ላይ ቆመ፣ ጠርዙን ዞረ፣ አምስቱን ጎድጎድ ያሉ ቦታዎች አገኘ።

«ይኼ አፉ አይደል?»

«አፉ ነው።»

«ዓይኑ ጠፍቶ አፉ ብቻ ቀረ» አለች። «አንተን መሰለ።»

ሳቅኩ። በዚያ ሁኔታ መሳቄ ራሱ አበሳጨኝ፣ ግን ሳቅኩ። እሷም ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰብሮ ለቅሶ ሆነ፣ እኔም እርጥብና ሎሚ ሎሚ የሚሸት እጇን ይዤ ቆምኩ። ዶሮውን እንደገና አጠብነው፣ ወጡም ተሠራ። እንግዶቹ የዘንድሮው ወጥ ልዩ ነው አሉ። የጥንት ባሕር ጨምራበት ነው አላልኳቸውም፤ ብላቸውም አያምኑኝም።

ከበዓሉ ማግስት በልዩ ታክሲ ወደ ዓይን ሕክምናው ሄድን። ወገቧን አላመማትም። አግዳሚው ላይ ከማቶኬ ሙዝ ነጋዴውም ከተማሪውም ጋር ተደርድረን ግማሽ ቀን ጠበቅን፤ ድንጋዩ ጭኗ ላይ ነበር። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ አስካለን እንደ አያቷ ጃጃ እያለች በእርጋታ አየቻት፣ በመሣሪያው ወደ ዓይኗ ውስጥ ብርሃን ላከች። የዓይን ውስጥ ውኃ ግፊት ነው፣ ከኋላ ያለውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳል አለችን። የውኃ ግፊት ስትል ስለ ቱቦ እግሮቹ ልነግራት አፌን ከፈትኩ፤ አስካለ ጉልበቴን ቆነጠጠችኝ።

«ጃጃ» አለች ሐኪሟ፣ «የሄደው አይመለስም። የቀረውን ግን ጠብታውን ጠዋትና ማታ ካደረግሽ እናቆየዋለን። ለምን ዘገየሽ?»

«ባለቤቴ እንዳይሰማ ነው» አለች አስካለ በእንግሊዝኛዋ። ሐኪሟ ወደ እኔ አየች። ምን ትበል?

ጠብታውን የምጨምርላት እኔ ነኝ። እጄ ይንቀጠቀጣል፣ ግማሹ ጉንጯ ላይ ይወርዳል፣ «ዓይኔ እዚህ ነው፣ አንተ ሰውዬ» ትለኛለች። ከጨመርኩላት በኋላ ለጥቂት ደቂቃ ጨፍና መቆየት አለባት። ትናንት ማምሻውን በረንዳው ላይ፣ ወንበሯ ላይ ወደ ኋላ ጋደም ብላ ጨፍና ሳለች፣ ከታች ከመንገዱ የአንድ ቦዳ ሬድዮ ይሰማል፣ የማላውቀው የዛሬ ልጆች ዘፈን። እሷ ድንጋዩን ይዛ በአውራ ጣቷ ለስላሳውን ጎን ታሻለች።

«አሥራት።»

«ወይ።»

«እዚህ ላይ ምን ነበር?»

«የቱ ላይ?»

«ከላይ። ሎሚው የበላው።»

«ታውቂው የለ። ስንት ጊዜ ነግሬሻለሁ።»

«አልሰማሁም ነበር» አለች። «አሁን ንገረኝ። አንድም ሳታስቀር።»

ጣቷን ይዤ አናቱ ላይ አሳረፍኩት። ድምፄን ዝቅ አደረግኩና ከዓይኖቹ ጀመርኩላት።